በአፍጢሙ የቆመው ብልቃጥ

ዶክተሩ ከጠረጴዛውና ከመስኮቱ መካከል በጎኑ ወድቋል። አንድ እጁ የሸሚዙን ኮሌታ ጨምድዶ ይዟል፤ ሌላው እጁ አስመኞች ወደ አፋቸው የሚነፉትን መድኃኒት እንደጨበጠ ደርቋል። ወንበሩ ተገልብጧል። ወረቀቱ፣ እስክሪብቶው፣ ስልኩ፣ የውሃ ብርጭቆው፣ ሁሉም ከጠረጴዛው ላይ ተጠራርጎ ወለሉ ላይ ተበትኗል። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ያገኘውን ይጨብጣል፤ ምስኪን፣ ምን ጨብጦ ይዳን!

ኢንስፔክተሯ በሩ ላይ ቆማ አንገቷን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ቀስ አድርጋ አዞረች። ስለዚህ አንገት በምርመራ ክፍሉ ውስጥ ብዙ ይወራል። «ቆቅ» የሚል ስም ያወጡላትም በእሱ ነው። «ቆቅ አንገቷን ካዞረች ነገር አሸተተች ማለት ነው» ይላሉ ባልደረቦቿ፣ በኩራት። እሷም ሲሉ ሰምታ አታርማቸውም። ምን ትበል? የምታዞረው ዳር ዳሩ ስለማይታያት ነው። ግራ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል። ቀኟም በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያጮልቅ ሰው መሀል መሀሉን ብቻ ነው የሚያሳያት፤ ቀዳዳውም ከቀን ወደ ቀን እየጠበበ ነው።

ግላኮማ ይሉታል፣ የዓይን ግፊት። ሐኪሟ በቅርቡ እንቅጩን ነግሯታል። «ተራው ጠብታ ላንቺ አልደረሰልሽም፤ ቀዶ ጥገናውም ግራሽን አላዳነውም። የቀረሽ አንድ ነገር ነው። ወፍራም ጠብታ እየሠሩ ነው፣ ዓይን ላይ የሚቆይ። እሱ ከደረሰልሽ ደረሰልሽ። ካልደረሰ ግን…» ብሎ አቀረቀረ። እሷም ካልደረሰ ምን እንደሚሆን አልጠየቀችውም።

ያ ወፍራም ጠብታ የሚሠራው እዚህ መድኃኒት መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። የሚሠራው ሰው ደግሞ ይኸው፣ እግሯ ሥር ተዘርግቷል።

«ወይ የኔ ዕድል!» አለች በሆዷ።

«አስም ነው» አለ የአስከሬን ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። «ከልጅነታቸው ጀምሮ ነበረባቸው። እዚህ ጋ ይፈርሙና ለቤተሰቡ እናስረክብ።»

«መድኃኒቱን በእጁ ይዞ?»

«ነፍተውታል። ባዶ እስኪሆን ድረስ ነው የነፉት።»

«ታዲያ ለምን አልሠራለትም?»

ሐኪሙ ትከሻውን ሰበቀ። «አንዳንዴ ያጋጥማል።»

አንዳንዴ ያጋጥማል። ይህችን ቃል ተቀብላ ብትፈርም ማን ይጠይቃታል? ሰው ይቀበራል፣ ሥራው ይቀጥላል፣ ጠብታው ይደርሳል። ሰው ነች እኮ! እስክሪብቶውን ተቀበለች። ጫፉም ወረቀቱን ነክቶ ነበር፣ ዋሽቼ ምን ላድርግ።

«አትፈርሙ! ስለ ፈጣሪ አትፈርሙ!»

የዶክተሩ ሚስት ነበረች። መጋረጃ እንደሚገልጥ ሰው በሩን የሚጠብቀውን የሳጅኑን ክንድ ገልጣ ገባች። ነጭ ጋውን ለብሳለች፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው መድኃኒት ቤት የእሷ ነው።

«ባሌ በአስም አይሞትም» አለች። እንባዋ ፊቷን ሞልቶታል፤ ድምጿ ግን ቀጥ ያለ ነው። «አብሬው ስኖር ስንቴ ታፍኗል! ሲነፋው ይለቀዋል። ሁልጊዜ ይለቀዋል። ዛሬ ጠዋት ደወለልኝ። ‹ጉሮሮዬን መረረኝ፤ ሬት የዋጥኩ ነው የመሰለኝ፤ ደረቴም…› አለና ድምፁ ጠፋ። መንገዱን በሩጫ አቋርጬ ስደርስ ጠብታውን የሚያዘጋጀው ቀማሚ በሩ ላይ ቆሞ ይጮሃል።»

«ምን በልቶ ነበር?»

«እህል ሳይቀምስ ነው ከቤት የወጣው።»

«የሚጠላው ሰው አለ?»

ሴትዮዋ ትንሽ አመነታች። «የሚጠላው የለም። ግን ሰሞኑን ተጣልቷል፣ ከወንድሙም ከቀማሚውም። ሥራውን ላቆመው ነው ብሏቸዋል። የጥንቸሎቹ ዓይን ላይ አንድ ነገር አይቷል፤ በጠብታው ውስጥ ያለው ሙጫ ሲቆይ የዓይንን ፊት ይልጠዋል። ‹ያለውን ሁሉ አስደፍቼ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ፤ እንዳይልጥ አድርጌ ልሠራው የምችልበት መላ ታይቶኛል› አለኝ። ወንድሙ ውጭ አገር ላለ ኩባንያ ቃል ገብቶ ነበር፤ ሰማይና ምድር ተደባለቀበት። ቀማሚውም ‹ጥንቸል ሌላ፣ ሰው ሌላ› ብሎ ለመነው። ባሌ ግን አንዴ እምቢ ካለ እምቢ ነው።»

ኢንስፔክተሯ እስክሪብቶውን ለሐኪሙ መለሰችለት። ወረቀቱ ላይ አንዲት ነጥብ ቀርታለች። ከዚያ በጉልበቷ ተንበርክካ ያችን አንዲት ዓይኗን ከሬሳው ፊት ጋር ልትነካካ እስክትደርስ አስጠጋች። ሳጅኑ ፊቱን አዞረ። ሽፋሽፍቱን አየች፤ የታጠበ ይመስል ንጹሕ ነው። ኮሌታው በቀኝ በኩል ረጥቦ ደርቋል። ከደረት ኪሱ ውስጥ ተጨማዶ የተወሸቀውን መሐረብ በሁለት ጣቷ አወጣች፤ እሱም እርጥበት ነበረው።

«ይኼ ለፖሊስ ቤተ ሙከራ» አለች። «ከኔ እጅ ወደ እነሱ እጅ፣ መሀል ላይ ማንም እንዳይነካው።»

ስትነሳ ጠረጴዛው ፊቷ መጣ። ባዶ ጠረጴዛ ነው፤ መሀሉ ላይ ግን አውራ ጣት የምታህል ነጭ ብልቃጥ ቆማለች። በመቀመጫዋ አይደለችም፤ ጠባቧ ክዳኗ ከታች፣ ሰፊው መቀመጫዋ ወደ ላይ ነው።

«ሳጅን፣ ይቺን ምን ትላታለህ?»

«በአፍጢሟ ተደፍታለች» አለ ሳጅኑ። «ቂጧን ወደ ሰማይ አድርጋ። ይቅርታ እመቤቴ፣ ሌላ ቃል የለኝም።»

በብልቃጧ ውስጥ ያለው ወፍራሙ ጠብታ መሆኑ በዚያው ዕለት ታወቀ። እንከን የለውም፣ ሌላ ነገር አልተቀላቀለበትም።

የዶክተሩ ታናሽ ወንድም የሥራ አስኪያጁን ክፍል ይዟል። ምንጣፉ ጥሩ፣ ወንበሩ የሚሽከረከር፣ ሰውየው ግን ቁርጥራጭ ጨርቅ መስሏል። ዓይኑ ቀልቷል፤ ፀጉሩን እየነጨ ነው የሚያወራው።

«ተጣልተናል፤ አልደብቅም። ጮኼበታለሁም። ወንድሜ አይደለም እንዴ? ወንድም በወንድሙ ላይ ካልጮኸ በማን ላይ ይጮኻል?»

«ሲሞት የት ነበሩ?»

«ከተማ። ከኩባንያው ሰዎች ጋር። ሥራው ይቆማል ብዬ እንዴት እንደምነግራቸው ጨንቆኝ ቡናዬን ሳልጠጣ ሲበርድ እያየሁ ነበር። እነሱን መጠየቅ ትችላላችሁ።» ከዚያ ድንገት ወደ ፊት ተደፋ። «እመቤቴ፣ ስሙኝ። ‹ጠብታው ገደለው› ከተባለ አለቀልን። ሰው አይነካውም። እሱም ሞቶ፣ ሥራውም አብሮት ይቀበራል። እባክዎ፣ አስም ነው ይበሉና ይገላግሉን።»

«ቢሆንልኝ ደስ ይለኝ ነበር» አለችው፣ ከልቧ ነው። እሱ ግን ለማጽናናት ያለችው መስሎት አመሰገናት።

ቀማሚው ያለው ከታች ነው። መድኃኒቱን ከሙጫው ጋር የሚያዋህደው እሱ ስለሆነ በሠራተኛው ሁሉ አፍ ስሙ ቀማሚው ነው። ረዘም፣ ጎበጥ ያለ፣ እጆቹ የሴት እጅ የሚመስሉ ሰው። ሚዛኑ፣ ማሞቂያው፣ የዱቄት መድኃኒቱ ማሰሮዎች፣ ሁሉም በመስመር ተደርድረዋል። በመስታወት በር ማቀዝቀዣው ውስጥ ብልቃጦቹ ይታያሉ፤ ሁሉም በአፍጢማቸው ቆመዋል።

«ምነው ተገለበጡ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ወፍራም ነዋ!» ቀማሚው ሳያስበው ፈገግ አለ፤ ስለ ሥራው ሲጠይቁት የሚፈካ ዓይነት ሰው ነው። «በመቀመጫው ካቆሙት ታች ይረጋል፤ ሲፈልጉት አይመጣም። በአፉ ከደፉት ግን ዝግጁ ሆኖ ይጠብቅዎታል። እኛ ቤት እንግዲህ የተለመደ ነው።»

«ከተራው ጠብታ በምን ይሻላል?»

«ተራው ጠብታ ውሃ ነው። አንዴ ዓይንዎን ሲያርገበግቡ ግማሹ ጉንጭዎ ላይ ይወርዳል። የተረፈው ደግሞ እዚህች ጋ፣ በአፍንጫ በኩል ባለችው የዓይን ጥግ፣ ቀዳዳ አለች፤ በሷ ገብቶ አፍንጫ፣ ከአፍንጫ ጉሮሮ፣ ከዚያ ደም። ዓይን ውስጥ የሚቀረው ከመቶው አምስት እንኳ አይሞላም። መድኃኒቱን የምንሰጠው ለዓይን ነው ወይስ ለጉሮሮ? ይኼኛው ግን ይለጠፋል። አይፈስም፣ አይወርድም፤ እዚያው ቆይቶ ይሰርጋል።»

«መድኃኒቱ አስም ላለበት ሰው ክልክል ነው ሲባል ሰምቻለሁ።»

«ሳንባ ከደረሰ ያፍናል። ለዚህ ነው ዶክተሩ በራሳቸው ዓይን የጀመሩት። እሳቸውም የዓይን ግፊት ነበረባቸው። ‹እኔ አስመኛው ተጠቅሜ ካልታፈንኩ ማንም አይታፈንም› ብለው። በየጠዋቱ በእጄ እየሰጠኋቸው ስንት ጊዜ ተጠቀሙ፣ አንድ ቀን እንኳ አላስነጠሳቸውም! ሲደርቅ ሽፋሽፍት ላይ እንደ እንቁላል ነጭ ቅርፊት ይተዋል፣ እሱን መታጠብ ነው። ሌላ ጣጣ የለውም።»

«ዛሬ ጠዋት መጀመሪያ ያገኟቸው እርስዎ ነዎት።»

ፈገግታው ጠፋ። «ሲወድቁ ድምፅ ሰማሁ። በሩን ስከፍት አልቆላቸው ነበር። እዚያው ቆሜ ጮኽኩ። አልገባሁም፣ አንድ ዕቃ አልነካሁም። ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

ሰው በዓይኑ ሲምል መስማት ኢንስፔክተሯ አትወድም። ያን ጊዜ በሩ ተንኳኳና አንዲት ሸምገል ያሉ ሴት ምሳ ዕቃ ይዘው ገቡ።

«እትዬ፣ ዛሬ አትምጪ አላልኩሽም?» አለ ቀማሚው።

«ሞት ቢኖርም ሆድ አይቀርም» አሉ ሴትዮዋ። ወደ ኢንስፔክተሯ ዞረው እጃቸውን ዘረጉ። «እህቱ ነኝ፣ ልጄ። እናትና አባታችን ሲሞቱ እሱ ድክ ድክ የሚል ነበር፤ በስፌት መኪናዬ ነው ያሳደግኩት። የዚህ ቤት ጋውን ሁሉ የኔ እጅ ነው።» አሉና በአጠገባቸው የተሰቀለውን ጋውን ቁልፉ ሲወዛወዝ አይተው አወረዱት። ከደረታቸው መርፌ ነቅለው፣ ክሩን በምላሳቸው አርጥበው፣ በአንድ ጊዜ አሳለፉት። «አየሽ? ዘንድሮ መብራት ባየሁ ቁጥር ቀለበት ቀለበት ይሠራብኝ ነበር፤ ራሴን ሊፈልጠኝ! ሊጨልም ነው ብዬ መኪናዬን ልሸጠው ነበር። አሁን ይኸው፤ ቀለበቱም ጠፋ፣ ራሴም ለቀቀኝ።»

«እትዬ፣ ኧረ በናትሽ!»

«ምን አልኩ? ጤና መሆን ያሳፍራል እንዴ?»

ኢንስፔክተሯ የሴትዮዋን ፊት አየች። በሽፋሽፍታቸው ሥር ነጭ፣ ቀጭን ቅርፊት ተጣብቋል። ይሠራል! የምትጠብቀው ነገር እዚህ፣ ከፊቷ፣ ክር በመርፌ እያሳለፈ ነው! ማቀዝቀዣው በክንድ ርቀት ላይ ነው። «አንዷን ስጡኝ» የሚለው ቃል ጥርሷ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ምላሷን ነክሳ መለሰችውና ወጣች።

መኪናዋ ውስጥ ብቻዋን ተቀመጠች። ሳጅኑን ውሃ ግዛልኝ ብላ ልካዋለች፤ ጠብታዋን ስትጨምር ማንም እንዲያያት አትፈልግም። ከቦርሳዋ ያንን ተራውን ብልቃጥ አውጥታ፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ቀኝ ዓይኗ ላይ አንጠበጠበች። ዓይኗን አረገበገበች። እንደ ልማዷ ጉንጯ ላይ ወረደ፤ እንደ ልማዷ በመሐረቧ ጠረገችው። ከዚያ ያ የለመደችው ነገር ከአፍንጫዋ ኋላ ተንሸራቶ ወደ ጉሮሮዋ መጣ።

መራራ ነው፤ እንደ ሬት።

እጇ ከነመሐረቡ አየር ላይ ቀረ።

«ኧረ የሰው ያለህ!» አለች ጮክ ብላ። ሳጅኑ ውሃውን ይዞ ሲመለስ ጉልበቷ ላይ ተደፍታ አገኛት። የደከማት መስሎት በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

የቤተ ሙከራው ውጤት እንደደረሰ ሁሉንም በዶክተሩ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሚስትየው፣ ወንድሙ፣ ቀማሚው፣ የአስከሬን ሐኪሙ አሉ። የቀማሚው እህትም እንዲመጡ አስጠርታቸዋለች።

«እትዬ ምን አገባት?» ብሎ ነበር ቀማሚው። ሲገቡ ለሚስትየው፣ ለወንድምየውና ለእሱ ከማቀዝቀዣው የወጣ አንድ አንድ ብልቃጥ አስያዘቻቸው። «ለጊዜው ያዙልኝ» ብላ።

«ዶክተር» አለች ወደ አስከሬን ሐኪሙ ዞራ። «የአስም አፈና በሚነፋው መድኃኒት ይለቃል። ይኼ ባዶ እስኪሆን ተነፍቶ አለቀቀም። ምን ቢሆን ነው?»

«አስቤበታለሁ» አለ ሐኪሙ፣ ትንሽ አፍሮ። «ለዓይን ግፊት የሚሰጠው መድኃኒት ሳንባ ከደረሰ፣ የሚነፋው የሚከፍተውን በር እሱ ቀድሞ ይቆልፈዋል። ያኔ ቢነፋም አይሠራም።»

«ስለዚህ የጠብታው መድኃኒት ሳንባው ደርሷል።»

«አልኩ እኮ!» ወንድምየው ብድግ አለ። «ጠብታው ገደለው ሊሉ ነው! አለቀልን!»

«ይቀመጡ። የትኛው ጠብታ? ወፍራሙን ጠብታ ስንት ጊዜ ተጠቅሞ አላስነጠሰውም። ሟቹ ለሚስቱ ‹ጉሮሮዬን መረረኝ› ብሏል። ወፍራሙ ዓይን ላይ ይለጠፋል፣ ጉሮሮ አይደርስም። ጉሮሮን የሚመርረው ተራው፣ ውሃው ነው። በአፍንጫ ወርዶ እዚህ ጋ ሲደርስ እንዴት እንደሚያንገፈግፍ ልንገራችሁ?» ብላ ጉሮሮዋን ነካች።

«እርስዎ በምን አወቁ?» አለች ሚስትየው።

«አውቃለሁ። ሁለተኛ፣ ወፍራሙ ሽፋሽፍት ላይ ቅርፊት ይተዋል። የሟቹ ሽፋሽፍት ንጹሕ ነበር። ሦስተኛ፣ ወፍራሙ አይፈስም፤ የሟቹ ኮሌታ ግን ረጥቧል፣ ጉንጩንም በመሐረብ ጠርጓል። መሐረቡ ተመርምሯል። መድኃኒቱ አለበት፣ ያውም ከተራው ጠብታ ብዙ እጥፍ የጠነከረ። ሙጫው ግን የለም፤ ሽታው እንኳ የለም።»

«ስለዚህ ዶክተሩ ያን ቀን ዓይኑ ላይ ያደረገው መድኃኒት በውሃ የተበጠበጠ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያገኘነው ብልቃጥ ግን ወፍራሙን ነው የያዘው። ሰውየው ከወደቀ በኋላ አንድ ሰው ገብቶ ብልቃጡን ለውጦታል። በኋላ መሆኑን በምን አወቅሽ ትሉኝ ይሆናል። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሁሉ ተጠራርጎ ወድቋል፤ ስልክ እንኳ አልተረፈም። እንዲህ በተናጠ ጠረጴዛ ላይ ያቺ ብልቃጥ ብቻዋን፣ ያውም በጠባቧ ክዳኗ፣ ቀጥ ብላ ትቆማለች? ነገሩ ካለፈ በኋላ የተቀመጠች ናት።»

ሚስትየው አፏን በእጇ ያዘች። «መድኃኒት ቤት ያለኝ እኔ ነኝ። እኔን ነው የሚጠረጥሩት?»

«ጠርጥሬዎት ነበር። ግን ገዳይ ቢሆኑ ‹መረረኝ› ያለውን ቃል አይነግሩኝም ነበር፤ ያለሱ ፈርሜ እሄድ ነበር።» ትንፋሽ ወሰደች። «አሁን የያዛችሁትን ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡልኝ። ደክሟችኋል።»

ሚስትየው አስቀመጠች። ወንድምየው አስቀመጠ። ቀማሚውም ዓይኑን ከእህቱ ላይ ሳይነቅል እጁን ሰዶ አስቀመጠ።

ሁለቱ ብልቃጦች በመቀመጫቸው ቆመዋል። ሦስተኛው በአፍጢሙ ነው።

ሳጅኑ «እሰይ!» ሊል ከጅሎት አፉን ዘጋ። ቀማሚው የራሱን እጅ የሰው እጅ ይመስል አየው።

«ልማድ ክፉ ነው» አለች ኢንስፔክተሯ በቀስታ። «ሰው ገድሎ እንኳ ይከተላል። ብልቃጡን ወለሉ ላይ ጥለው ቢወጡ፣ ወይም እንደ ማንኛውም ሰው ቢያስቀምጡት፣ ምንም አልነበረኝም። እርስዎ ግን ጠብታው እንዳይረጋ ብለው ደፉት። በየጠዋቱ ብልቃጡን በእጁ የሚሰጡት እርስዎ ነዎት። ዱቄቱ በማሰሮ ሙሉ እርስዎ ዘንድ ነው። ያን ቀን ‹ትንሽ አቅጥኜዋለሁ› ብለው ሰጡት፤ እሱም አመነዎት።»

«ለምን?» አለ ወንድምየው። «እሱ ለምን? ከኔ በላይ የሚወደው እሱ ነበር!»

«ሥራው እንዳይቆም። ዶክተሩ ያለውን ሁሉ አስደፋለሁ ብሎ ነበር። ከደፋው ደግሞ የእትዬ ዓይን ይጨልማል። ሽፋሽፍታቸው ላይ ያለውን ቅርፊት እዩት።»

ሁሉም ወደ ሴትዮዋ ዞሩ። እሳቸው ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ።

ቀማሚው አልካደም። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «ለመንኳቸው። እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ‹ጥቂት ወራት ነው፣ ይታገሡ› አሉኝ። እሷ ጥቂት ወራት አልነበራትም! አስም ነው ይባላል፣ ሥራውም ይቀጥላል ብዬ…» ከዚያ ቀና ብሎ ኢንስፔክተሯን አተኩሮ አየ። «እርስዎም የሉዎትም።»

«ምን?»

«ታች እኔ ክፍል ሲገቡ ነው ያወቅኩት። እትዬም አንገቷን እንደዚያ ነበር የምታዞረው። ግራዎ ጠፍቷል፤ ቀኝዎም ተዳክሟል። ሙጫውን እንዴት እንደማዋህደው የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ከታሰርኩ ይኼ ነገር አበቃ። ያለዎት ማስረጃ ያ መሐረብ ነው። ብልቃጥ ማስቀመጥ ማስረጃ አይሆንም፤ አሁን ያልኩትንም መካድ እችላለሁ። መሐረብ ደግሞ ይጠፋል፤ ስንት ነገር ይጠፋል! ልጨርሰውና በገዛ እግሬ መጥቼ እታሰራለሁ። የእትዬንም፣ የእርስዎንም ዓይን አድኜ።»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል። ሰውየው በሟች ሚስት ፊት፣ በፖሊስ ፊት፣ ያለ ኀፍረት እየለመነ ነው። ሚስትየው ኢንስፔክተሯን በፍርሃት አየቻት። ሳጅኑም አያት፤ አንገቷን፣ ዓይኗን፣ ስንት ዘመን አብሯት ሠርቶ ያላየውን ሁሉ።

ኢንስፔክተሯ አልፈለገችም ብል እዋሻለሁ፤ ፈልጋለች። ጠዋት ተነስታ መስኮቱን፣ ሰማዩን፣ የልጆቿን ፊት ሙሉውን ማየት ፈልጋለች። ቢቻላት ኖሮ እዚያው ቁጭ ብላ ታለቅስ ነበር። የሟቹን ሚስት እጅ አየች፤ የባሏን ጠረጴዛ ጠርዝ ጨብጦ ጣቶቹ ነጥተዋል።

«መሐረቡ አይጠፋም» አለች በመጨረሻ።

«እንግዲያው ትታወሪያለሽ!» አለ ቀማሚው፣ አክብሮቱም ጠፍቶት።

«አውቃለሁ። መች አጣሁት!»

ያኔ ነው እህቱ እጃቸውን ከፊታቸው ላይ ያነሱት። «ለኔ ብለህ ነው?» አሉት። «ሰው የገደልከው ለኔ ብለህ ነው?»

«እትዬ…»

«አሸዋ እንደገባበት ይቆረቁረኝ ጀምሯል» አሉ ሴትዮዋ። «ሰነባበተ። ሲነጋ ትራሱ ላይ ደም የመሰለ ነገር አገኛለሁ፤ አንተ ሳትነሳ አጥበዋለሁ። ሰውዬው ይልጣል ያለው እውነቱን ነው።»

ቀማሚው አፉ ተከፈተ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዴት ልንገርህ? ስትጨምርልኝ ፊትህ እንዴት እንደሚበራ አታውቀውም። ‹እንዴት ነው እትዬ?› ስትለኝ፣ እንዳይከፋህ ብዬ ‹ደህና ነው› አልኩህ። አንድ ቀን አፌን ሞልቼ ‹ያመኛል› ብዬህ ቢሆን ኖሮ ይኼ ሰው ዛሬ ከሚስቱ ጋር ነበር።»

ወንድምየው ወደ ሚስትየው ዞሮ በሹክሹክታ፣ «እንዳይልጥ የሚያደርግበት መላ ታይቶኛል ብሎሽ አልነበር? ምን እንደሆነ ነግሮሻል?» አላት።

«አልነገረኝም» አለች። «‹ሲሆን ታዪዋለሽ› ነው ያለኝ።»

ሁለት ፖሊሶች ቀማሚውን በክንዱ ያዙት። እየወጣ አንገቱን እየጠመዘዘ ወደ ኋላ ያይ ነበር፤ «ውሃ አድርጊበት፣ እትዬ፣ በንጹሕ ውሃ እጠቢው፣ ሁለተኛ እንዳትነኪው!» እያለ። ድምፁ በኮሪደሩ እየራቀ ሄደና አልተሰማም። የዶክተሩ ሚስት ከባሏ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ እስካሁን ያልወጣላትን ለቅሶ ለቀቀችው።

ኢንስፔክተሯ ሴትዮዋ አጠገብ ሄደች። «እትዬ፣ ይነሱ» አለቻቸው። «እኔን የሚያየኝ የዓይን ሐኪም አለ። አሁኑኑ አብረን እንሂድና ያጽዳልዎት፣ ሳይብስ።»

«አንቺ ደግሞ ምን ልታደርጊ ትሄጃለሽ? ሥራሽ አይደለም።»

«ወንድምዎ ያለው እውነቱን ነው። እኔም እንደርስዎ ነኝ። ከፊት ለፊቴ በቀር አላይም።» ይህን በሰው ፊት ስትል የመጀመሪያዋ ነው።

ሴትዮዋ እየተደናበሩ ተነሱና ክንዷን ያዙ። እሷም የእሳቸውን ያዘች። ሁለቱም ወደ በሩ ሁለት ርምጃ ያህል ሄደው ቆሙ።

«ልጄ» አሉ ሴትዮዋ፣ «እኔም አንቺም ከሆንን፣ መንገዱን ማነው የሚያየው?»

ሳጅኑ ከግድግዳው ተላቆ መጣ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ ምንም ሳይል መሀላቸው ገብቶ ሁለቱንም ክንዶቹን ዘረጋላቸው።